ስለ መጽሐፉ የሚያወራ ሰው ጠፋ

በመሥሪያ ቤትም በሠፈርም «ቁልፌ» ነው የምትባለው። ስሙ የወጣላት በወጣትነቷ፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ የቁልፍ ቀዳዳ በሚሠራው ማሽን ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጣ ስለነበር ነው። አሁን አርባ ሦስት ዓመት ሞልቷታል፤ ከማሽኑም ተነስታ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆናለች። የነርስ ጋውን፣ የጥበቃ ዩኒፎርምና የተማሪ ሸሚዝ ቀኑን ሙሉ በፊቷ ያልፋል። ኮሌታውን ትገለብጣለች፣ እጅጌውን ትጎትታለች፣ ገበሩን ትዳስሳለች፤ እንከን ያገኘችበት ላይ ቀይ ወረቀት ትለጥፋለች። ሰፊዎቹ ቀዩ ወረቀት ሲበዛባቸው «ቁልፌ ዛሬም በግራ ጎኗ ነው የተነሳችው» ይባባላሉ።

ከፋብሪካው እስከ ቤቷ ድረስ በአውቶቡስ ሃምሳ ደቂቃ ነው። እሷ ያን ሃምሳ ደቂቃ የምታሳልፈው ታሪካዊ ልብ ወለድ በማንበብ ነው። መቀመጫ ካገኘች ተቀምጣ፣ ካላገኘች ምሰሶውን በክንዷ አቅፋ ታነባለች። ስለ ዛሬ ዘመን የተጻፈ ነገር ብትሰጧት አትነካውም። «የዛሬውንማ እየኖርኩት አይደል?» ትላለች። የምትወደው ከሁለት መቶና ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ ሰው ጠዋት ሲነሳ ምን እንዳሰበ፣ ምን እንዳስፈራው፣ በማን እንደ ቀና የሚነግራትን መጽሐፍ ነው። ይህን ስትወድ ግን ብቻዋን ነበረች። ዋናው ችግሯም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ዚፕ ነው። የምታነበው መጽሐፍ በጠላት ስለ ተከበበች ከተማና እዚያ ስለምትኖር አንዲት የቤተ መንግሥት ልብስ ሰፊ ይተርካል። ዘመኑ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው። ታዲያ አንድ ገጽ ላይ ሴትየዋ ምስጢራዊ ደብዳቤ ይደርሳትና «የቀሚሷን ዚፕ ዝቅ አድርጋ ደብዳቤውን ከደረቷ ሸሸገችው» ይላል። ቁልፌ አውቶቡሱ ውስጥ በሳቅ ፈረሰች። አጠገቧ የተቀመጡ ሰውዬ ቦርሳቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ወደ ባሏ ሄደች። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የጎረቤት ካውያ በትኖ ይጠግናል።

«ስማ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ሴትየዋ ዚፕ ከፈተች!»

«ታዲያ ብትከፍት ምን አለበት?»

«ያኔ ዚፕ አልነበረም እኮ!»

ባሏ ለአፍታ አሰበና «እንግዲያው በቁልፍ አድርጊላት» ብሎ ወደ ካውያው ተመለሰ።

ነገሩ ቀልድ ስለሆነ አላስቀየማትም። ያስቀየማት ከሳምንት በኋላ የሆነው ነው። መጽሐፉ መጨረሻው አካባቢ አንድ ምዕራፍ አለው። አንድ የጦር አዛዥ ለልብስ ሰፊዋ ካፖርት እንድትሰፋለት አዝዞ ወደ ግንባር ይሄዳል። ስፌቱ ሳያልቅ መልእክተኛ መጥቶ አዛዡ መሞቱን ይነግራታል። ስፌቱን ተይው ያላት ግን ማንም የለም። እሷም አትተወውም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ በረሃብ እየዛለች፣ ገበሩን ትገጥማለች፣ ቁልፎቹን ትተክላለች፣ ጫፉን ትዘመዝማለች። ምዕራፉ በሙሉ ይኸው ነው። ቁልፌ ስታነበው የምትወርድበትን ፌርማታ አለፈች። ሁለት ፌርማታ በእግሯ ስትመለስ ዕንባዋ ይወርድ ነበር፤ ለምን እንደምታለቅስ ደግሞ በትክክል አታውቀውም። ሰው ቢያግዛት ኖሮ ታውቀው ነበር። እንዲያ ነው የተሰማት፤ ከሰው ጋር ካላወራችው በስተቀር የማይገባት ነገር በደረቷ ይዛ የምትሄድ ያህል።

ባሏን አስቀምጣ ምዕራፉን ከጥግ እስከ ጥግ ተረከችለት። ጥሩ ሰው ነው፣ አዳመጣት።

«እና ሰውየው ተመልሶ መጣ?» አላት።

«ሞቷል አልኩህ እኮ!»

«ሞቶ ከሆነ ታዲያ ለምን ትሰፋለች?»

ቁልፌ ደነገጠች። ጥያቄው እሱ ራሱ ነበር! ልትመልስ አፏን ስትከፍት ግን የባሏ ዓይን ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሏል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ነበር። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ» አላት እጁን ዘርግቶ። ኳሱ ገባ። እሱ ሲጨፍር እሷ ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

ታናሽ እህቷ ፀጉር ቤት አላት። እሷ ዘንድ ሄዳ ደግሞ ሞከረች። እህቷ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች «ይዋደዳሉ?» ብላ ጠየቀች።

«እነማን?»

«ሴትየዋና አዛዡ ነዋ።»

«አንድ ጊዜ ነው የተገናኙት። ሲለካ።»

«ውይ፣ ታዲያ ምኑን አነበብሽው፣ እህቴ?»

በምሳ ሰዓት ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ አነሳችው። አንደኛዋ «ፊልሙ የለም?» አለች። ሌላዋ መጽሐፉን ተቀብላ ውፍረቱን በጣቷ ለክታ መለሰችላት።  አንድ ሰው! ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ የሚያነብ ሰው ማግኘት ይህን ያህል ይከብዳል?

በመጨረሻ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። የመጻሕፍት ክፍሉን የምትይዘው ሴት የሷ እኩያ ናት፤ ለዓመታት መጽሐፍ ስታውሳት የኖረች ነች። «ማስታወቂያ ለጥፊያ» አለቻት። ቁልፌ በትልልቁ ጻፈች፦ «ታሪካዊ ልብ ወለድ የምትወዱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ። ስም ይመዝገብ።» ሦስት ሳምንት ተለጥፎ ቆየ። በየሳምንቱ መጥታ ታየዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው ከሥሩ «የፍቅር መጽሐፍ የላችሁም?» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ቁጥሩን አሰፈረ። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ስም ተገኘ። ቁልፌ ከደስታዋ ብዛት የቧንቧ ሠራተኛውንም ደውላ ጋበዘችው፤ አልመጣም።

የተሰጣቸው ክፍል ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። በቀጠሮው ቀን የመጡት አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ፣ አንድ ፋርማሲስት፣ አንዲት ባንክ ቤት የምትሠራ ወጣት፣ እንዲሁም ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ የገባ አንድ ሰው ናቸው። ይህ የመጨረሻው እስከ ፍጻሜው ድረስ በትሕትና ተቀምጧል።

መጽሐፉን ሁሉም አንብበው እንዲመጡ ቀድማ ነግራቸው ነበር። ቁልፌ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብላ ገና ሳትጨርስ አስተማሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ክራቫት ያሰሩ፣ ድምፃቸው ለስልሳ ተማሪ የተሠራ ሽማግሌ ናቸው።

«ለመሆኑ ይህ ደራሲ ከበባው ስምንት ወር ነው የፈጀው ይላል?»

«ይላል፣ ጋሼ» አለች።

«ሐሰት! አሥራ አንድ ወር ነው!»

ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። የምሽጉን ቁመት፣ የመድፉን ብዛት፣ የእህሉን መጠን ዘረዘሩ። ፋርማሲስቱ መሀል ገብቶ «ዋናው ጥያቄ ከከበበውና ከተከበበው ማን ነው ትክክል?» አለ፤ ከዚያም ነገሩን ከዛሬው ፖለቲካ ጋር አያይዞ ፊቱ እስኪቀላ ተከራከረ። የባንኳ ልጅ መጽሐፉን እንደጨረሰች ስትጠየቅ «ጨርሼዋለሁ ማለት ይቻላል» ብላ መለሰች። ገጽ ስልሳ ላይ ምልክት ያደረገችበት ወረቀት ከመጽሐፉ ወጥቶ ይታያል። ሰዓቱ አለቀ። ካፖርቱ አልተነሳም። ስልኩን ቻርጅ ያደረገው ሰውዬ ተነስቶ «በጣም ጥሩ ውይይት ነበር» ብሎ አመስግኖ ሄደ።

ለሁለተኛው ቅዳሜ ቁልፌ ደንብ አውጥታ መጣች። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ ፖለቲካ ክልክል ነው።

«ታሪክ በሦስት ደቂቃ?» አሉ አስተማሪው በመገረም።

«ልብ ወለድ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ልብ ወለድም ቢሆን አሥራ አንድ ወር ስምንት ወር አይሆንም።»

ቁልፌ ጥርሷን ነክሳ ተራው የእሷ እንደሆነ ተናገረች። ሰዎቹን ለማዝናናት በዚፑ ጀመረች። ሳቁላት። ሳቃቸው ደስ አላትና ስለ ቁልፍ ቀጠለች፤ ከቁልፍ ወደ ገበር፣ ከገበር ወደ እጅጌ አቆራረጥ፣ ከዚያ ደራሲው የሐር ክር ስላለው ነገር፣ ያ ክር ያን ዓይነት ወፍራም ጨርቅ ለምን እንደማይዝ ማስረዳት ያዘች። ወደ ካፖርቱ ምዕራፍ ልትሻገር ስትል የባንኳ ልጅ ሰዓቷን አየች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሦስት ደቂቃ አልነበር ያልነው? ስለ ክር ብቻ ሃያ ደቂቃ አወሩ።»

ፋርማሲስቱ ሳቁን ሊደብቅ አጎነበሰ። የቁልፌ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ቀይ ወረቀት በገዛ ግንባሯ ላይ የተለጠፈ መሰላት። ስለ ካፖርቱ ሳትናገር ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ፋርማሲስቱ «ተረኛ ነኝ» ብሎ፣ የባንኳ ልጅ «አሞኛል» ብላ መልእክት ላኩ። የመጡት አስተማሪው ብቻ ናቸው። ባዶዎቹን ወንበሮች ግራና ቀኝ አድርገው ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የፎቶ ኮፒው ማሽን ከግድግዳው ወዲያ ይንጫጫል።

«እንግዲህ ከበባውን በሚመለከት» ብለው አስተማሪው ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳን ከበባውን ይተዉልኝና የካፖርቱ ምዕራፍ ምን ተሰማዎት?»

«የትኛው ካፖርት?»

«የአዛዡ ነዋ። ልብስ ሰፊዋ የምትሰፋው።»

አስተማሪው መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ጨበጥ አደረጉት። «እ… አዎ። ካፖርቱ። በዚያን ጊዜ የነበረው የጦር አለባበስ በጥቅሉ…»

ቁልፌ አቋረጠቻቸው። «አዛዡ መጨረሻው ምን ሆነ?»

አስተማሪው መጽሐፉን ገልብጠው ሽፋኑን በጣታቸው ዳሰሱ።

ገባት። ደሟ ፈላ። «አላነበቡትም! ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ያደረቁን መጽሐፉን ሳያነቡ ነው? ስንት ሳምንት ለምኜ፣ ማስታወቂያ ለጥፌ ያገኘሁትን ሰው ያባረሩብኝ ባላነበቡት መጽሐፍ ነው?»

አስተማሪው ተነሱ። ሲዞሩ ጉልበታቸው ከወንበሩ ጋር ተጋጨ። በሩ ጋ ደርሰው እጀታውን በመዳፋቸው ሳንቃው ላይ ሁለት ጊዜ ፈለጉት፤ አገኙትና ወጡ።

የመጻሕፍት ክፍሏ ሴት ጩኸቱን ሰምታ መጣች። «ምን ተፈጠረ?»

«ሳያነቡ ነው የሚመጡት! ታምኛለሽ?»

«አላወቅሽም እንዴ?» አለች ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዓይናቸው ፊደል መለየት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆነው። ሽፋኑን እኔ ነኝ የማነብላቸው። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት መጽሐፍ ይዋሳሉ፤ አንድ ቀን እንኳን ሳያሳልፉ ይመልሳሉ። ሰው እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም።»

ቁልፌ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። አፈረች። ግን እውነቱን ለመናገር ማፈሯ ንዴቷን አላበረደውም።  ታዲያ ለምን አይናገሩም? አንብቡልኝ ማለት ምን ያሳፍራል? ማታ ቤት ገብታ ባሏን ጠየቀችው። ባሏ በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ «ሠላሳ አምስት ዓመት ሌላውን አንብብ ሲል የኖረ ሰው እኮ ነው» አላት።

እሑድ ጠዋት አድራሻቸውን ከመጻሕፍት ክፍሏ ሴት ተቀብላ ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈተችው የአስተማሪው ልጅ ናት፤ ነርስ ነች፤ ከአዳር ሥራ ገና መመለሷ ስለሆነ ጋውኗን አላወለቀችም። ቁልፌ ሳታስበው ዓይኗ ወደ ኮሌታው ሄደ። ክሩ ተመዟል። ይኼ በኔ እጅ አልፎ ይሆን ብላ በሐሳቧ ተናደደች።

አስተማሪው ሳሎን ውስጥ ሬዲዮ ይሰማሉ። ድምፅዋን ሲሰሙ ፊታቸው ጠነከረ።

«አዝነሽልኝ ከሆነ የመጣሽው፣ በሩ ያው በመጣሽበት በኩል ነው።»

«አላዘንኩልዎትም። እንደተናደድኩ ነኝ።»

«እና ምን ፈለግሽ?»

«የማወራው ሰው አጣሁ፣ ጋሼ። መጽሐፉን ላንብብልዎት፤ ከዚያ እናወራለን። ይኸው ነው።»

አስተማሪው ሬዲዮውን ቀነሱ። «ከመጀመሪያው?» አሉ።

«ከመጀመሪያው።»

ማንበቡ እንዳሰበችው ቀላል አልሆነም። የመጀመሪያው ገጽ አንድ ሰዓት ፈጀ። እሳቸው በየመስመሩ ያስቆሟታል። «ቆይ፣ በዚያ ወቅት ድልድዩ አልተሠራም።» «ቆይ፣ ጳጳሱ ያኔ ሞተዋል።» «ቆይ፣ ያ ወንዝ በዚያ በኩል አይፈስም።» ቁልፌ ታነባለች፣ ትቆማለች፣ አየር ትስባለች፣ ትቀጥላለች። ልጃቸው ከጓዳ ሆና ትስቃለች። ቁልፌ ወደ ቤቷ ስትመለስ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ራሷን እያመማት ነው። ሆኖም በሚቀጥለው እሑድ ሄደች። በሚቀጥለውም። ለምን እንደምትሄድ ባሏ ሲጠይቃት «ካፖርቱ ጋ እስክንደርስ ነው» ትላለች።

በስድስተኛው ወር ደረሱ። ቁልፌ ከማንበቧ በፊት ውሃ ጠጣች። ይህን ምዕራፍ ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ ተለማምዳዋለች። ቀስ ብላ ጀመረች። አዛዡ ሲለካ፤ ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ስትዘረጋ፤ መልእክተኛው በሩን ሲያንኳኳ። አስተማሪው አንድ ጊዜም አላስቆሟትም።  ሴትየዋ መልእክተኛውን ሸኝታ ተመልሳ መርፌዋን አነሳች…

«ቆይ» አሉ አስተማሪው።

«አሁን አይሆንም፣ ጋሼ።»

«አይ፣ የዚያ ጦር መኮንኖች ካፖርት መልበስ የጀመሩት ከዚያ በኋላ…»

ቁልፌ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ጋሼ፣ በሕይወትዎ አንድ ጊዜ እንኳን ሰው ሲናገር እስከ መጨረሻው ሰምተው ያውቃሉ? አዎ፣ ካፖርት ላይኖር ይችላል! ዚፕም አልነበረም! ሴትየዋ ግን አለች! እኔ ሴትየዋን ነው የማነብልዎት!»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።  አውቶቡሱ ውስጥ ምንም አላነበበችም።  በሚቀጥለው እሑድ ቤቷን ስታጸዳ ዋለች፤ ወለሉን እንደዚያ ፈትጋው አታውቅም።

ማክሰኞ ከረፋዱ ላይ የነርስ ጋውን ስትመረምር ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በሥራ ቦታ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው። የአስተማሪው ቤት መሆኑን ስታይ ግን ወደ ካውያ ክፍሉ ዘወር ብላ አነሳችው። እንፋሎቱ ይፏጫል፣ ምንም በቅጡ አይሰማም።

«ምዕራፉን ልጄ አነበበችልኝ» አሉ አስተማሪው፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ። «እንደ መድኃኒት ማዘዣ ነው የምታነበው። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አነበበችው። አላስቆምኳትም።»

«እሺ» አለች ቁልፌ በኩርፊያ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሴትየዋ አዛዡ መሞቱን መቼ ነው ያወቀችው?»

«መልእክተኛው ሲመጣ ነዋ።»

«እስቲ አስቢ። መልእክተኛው ከመምጣቱ በፊት እጅጌውን በሁለት ጣት አሳጠረችው ይላል። አዛዡ ደግሞ ጎንበስ ብሎ በበር የሚገባ ረጅም ሰው ነው። ለማን ነው ያሳጠረችው?»

 ቁልፌ መጽሐፉን አራት ጊዜ አንብባዋለች። እጅጌ ሥራዋ ነው፤ በቀን ስንት መቶ እጅጌ ትለካለች። ያችን ዓረፍተ ነገር ግን አልፋታለች።

«ለራሷ?» አለች በመጨረሻ።

«እንጃ። እሱን ነው የምጠይቅሽ። አንቺ ነሽ ሰፊዋ።»

«ማለት… ከሄደበት ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር ማለት ነው? የሞተ ሰው ካፖርት እየሰፋች ሳይሆን የራሷን…»  እንፋሎቱ ይሁን ሌላ፣ ፊቷ ረጥቧል። «ግን ለራሷ ከሆነ ለምን የወንድ ቁልፍ ተከለችበት? በቀኝ በኩል ነው የተከለችው ይላል እኮ፣ ጋሼ!»

«ይላል?» አሉ አስተማሪው። «እኔ ያችን አልሰማኋትም! ይቺ ልጅ ዘላታለች ማለት ነው! ቆይ፣ ቆይ፣ አትዝጊው፤ መጽሐፉን ታምጣ…»

የፈረቃ ኃላፊዋ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ቁልፌ ያን ዕለት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኗ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀበለች። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ኃላፊዋ «በሥራ ሰዓት ስለ ካፖርት በስልክ በመጨቃጨቅ» ብላ ጻፈች። ቁልፌ አነበበችና ፈረመች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቃና ማለት አይቻልም። ቅዳሜ ቅዳሜ በአስተማሪው ሳሎን እየተሰበሰቡ በየተራ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የባንኳ ልጅ፣ ቁልፌ ሄዳ ስለ ክሩ ሃያ ደቂቃ ይቅርታ ከጠየቀቻት በኋላ ተመለሰች፤ ድምፅዋ ለማንበብ የተፈጠረ መሆኑ ታወቀ፤ አሁንም ግን ቤቷ ሆና ከስልሳኛው ገጽ አታልፍም። ፋርማሲስቱ ፖለቲካ ላያነሳ ምሎ መጣ፤ መሐላው በአማካይ ሃያ ደቂቃ ይቆያል። አስተማሪው «ቆይ» ማለታቸውን አልተዉም። ቁልፌም ስለ ስፌት ስትጀምር አታቆምም፤ አሁን የሚያስቆሟት እሳቸው ናቸው፣ እየተደሰቱ። ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቤት የምትወጣው በሩን ድርግም አድርጋ ዘግታ ነው። የሴትየዋ ካፖርት ለማን እንደተሰፋ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ባለፈው ቅዳሜ ቀጥሎ የሚነበበውን መጽሐፍ መረጡ። ቁልፌ ስለ አንዲት አዋላጅ የተጻፈ ልብ ወለድ ይዛ መጥታ ነበር። አስተማሪው ያቀረቡት ስለ ሠላሳ ዓመት ጦርነት የሚተርክ፣ ስድስት መቶ ገጽ የሚያልፍ መጽሐፍ ነው። ድምፅ ተሰጠ። አራት ለአንድ ተሸነፈች፤ የአስተማሪው ነርስ ልጅ እንኳን፣ አባል ሳትሆን፣ ከጓዳ ሆና እጇን አወጣች።

«ይኼ ምርጫ አይደለም!» አለች ቁልፌ። «አስቀድማችሁ ተነጋግራችኋል። እኔ ይህን አላነብም።»

«አታነቢም?» አሉ አስተማሪው።

«አላነብም።»

«መልካም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የማን ነው?»

 ተራው የእሷ እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ። ቁልፌ አንዴ ፋርማሲስቱን፣ አንዴ የባንኳን ልጅ ገላመጠች። ከዚያ መጽሐፉን ከአስተማሪው ጭን ላይ ነጥቃ ቦርሳዋ ውስጥ ለመክተት ስትታገል ዚፑ አልዘጋ አላት።

«ጦርነት ብቻ ከሆነ ግን መሀሉ ላይ ጥዬው ነው የምሄደው» አለች።

«ትሄጃለሽ» አሉ አስተማሪው። «ስትሄጂ ገጹን ምልክት አድርጊበት።»